ወንዙን ያልተሻገሩት አገረ ገዥ

ክቡራንና ክቡራት ለቀስተኞች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው የቀድሞው አገረ ገዥያችን ክቡር ኤላይሁ ጋሮው፣ ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከኤበር ጋሮውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታቢታ ኮል በ1831 በኦሃዮ ወንዝ ዳር ተወለዱ። ከሦስት ክረምት ያልበለጠ ትምህርት ቀምሰው፣ ሕጉን የጠበቃ ቢሮ እየጠረጉ በራሳቸው ጥረት ተምረው ለጥብቅና በቁ። ግትር ነበሩ፤ ይህን ለመሸፋፈን ቢሞከር እናንተው ትስቃላችሁ።

በ1858 ከድንበራችን ወንዝ ማዶ፣ ከኬንታኪ ግዛት፣ ወይዘሮ ሎቪና ሃርጊስን አግብተው አንዲት ልጃቸውን አልሚራን ወለዱ፤ በ1876ም ሕዝቡ አገረ ገዥ አድርጎ መረጣቸው።

በተመረጡ በሁለተኛው ክረምት ደመወዛቸው የተቀነሰባቸው ስድስት መቶ የከሰል ቆፋሪዎች ጉድጓድ ገብተው አንወጣም አሉ። ወታደሩ ጠመንጃውን አጉርሶ አፋፉን ከበበ። ምክትላቸው ብራክስተን «አንድ ዙር ቢተኮስባቸው ይበቃቸዋል» እያለ በአደባባይ ይፎክር ነበር። በግዛታችን ሕግ ደግሞ አገረ ገዥው ከድንበር አንድ እርምጃ ከወጣ፣ እስኪመለስ ሥልጣኑ የምክትሉ ነው።

በዚያው ሳምንት ከአልሚራ ጋር እናታቸውን ለመጠየቅ ማዶ የተሻገሩት ወይዘሮ ሎቪና በሳንባ ምች ወደቁ፤ ሐኪሙም ከአልጋ እንዳይነሡ ከለከለ። ክቡርነታቸው ወንዙ ዳር ካለ ማረፊያ ቤት ተቀምጠው ከማዕድኑ ባለቤቶች ጋር በቴሌግራም ሲከራከሩ፣ የብራክስተን ሰው ጀልባው መነሻ ላይ ቆሞ እግራቸውን ይጠብቅ ነበር። ጧትና ማታ እየተሻገረ ወሬ የሚያመላልሰው ታናሽ ወንድማቸው ሩበን ነበር።

በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ሎቪና የሩበንን እጅ ይዘው «ይምጣ በለው። ስለ ሰዎቹ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ፈራሁ፣ ሩበን» አሉ። ሩበን ሲመለስ ወንድሙ ካፖርታቸውን ደርበው፣ አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ አድርገው አገኛቸው።

«ምን አለች?»

«አይምጣ፣ ሥራውን ይጨርስ ነው ያለችው፣ ጋሼ።»

እግራቸውን መለሱ።

ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤቶቹ ፈረሙ፤ ጥይት ሳይተኮስ ስድስት መቶውም በሕይወት ወጡ። ክቡርነታቸው ከቀትር በኋላ ሲሻገሩ፣ ወይዘሮ ሎቪና ንጋት ላይ አርፈው ነበር።

በመቃብሩ አፋፍ የአሥራ ሰባት ዓመቷ አልሚራ «እየጠራችህ ሞተች! አጎቴን ልካብህ ነበር፣ አልመጣህም!» ብላ በሰው ፊት ጮኸች። ክቡርነታቸው ወንድማቸውን አንዴ ቀና ብለው አዩት። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ነፃ ይወጡ ነበር። አቀረቀሩ እንጂ አልተነፈሱም፤ ከዚያም ወዲያ እንኳን በሰው ፊት ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑም አንሥተውበት አያውቁም። ልጃቸው ግን አገር ለቃ ሄደች፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለደብዳቤያቸው መልስ አልሰጠችም።

የሥልጣን ዘመናቸው ሲያበቃ ወደ ጥብቅናቸው ተመልሰው ሲሠሩ ኖረው፣ ባደረባቸው የልብ ሕመም በወንድማቸው ቤት ሲታመሙ ሰንብተው ባለፈው ማክሰኞ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው የቀሩት ልጃቸው አልሚራ፣ አይተዋቸው የማያውቁ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ሩበን፣ ይህን ወረቀት የያዝኩት እኔ፣ ነን። አልሚራ ልጄ፣ አባትሽ ጥሪዋን አልሰሙም። ደብቄያቸው ነው። ያን ቀን ስለ ስድስት መቶው ሰው ብዬ ዋሸሁ፤ ዝም ያልኩባቸው ዓመታት ግን ስለ ራሴ ነበሩ፣ ፈሪ ስለሆንኩ።

አምላክ የወንድሜን ነፍስ ዛሬውኑ ከሎቪና ጎን ያሳርፍልን፤ የእኔን ነገር አንቺ ከፈረድሽብኝ በኋላ ይየው።