ቁስሌ ላይ የጠፋችው ልጣጭ

ስኳር አለብኝ። አዲስ ጫማ እግሬን ልጦኝ ቁስሉ አልድን ሲል፣ ጣቴን እንዳላጣ ፈርቼ ከዚራ ሰፈር ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተሯ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ነገር ቁስሉ ላይ ለጠፈችልኝና በፋሻ እየሸፈነች ታስረዳኝ ጀመር። እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት ሞት ይመስለኛል። "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" እያልኩ ራሴን ስነቀንቅ አንድም ቃል ሳልሰማ ወጣሁ።

በማግስቱ ፋሻውን ገለጥ ባደርግ ልጣጯ የለችም! አንሶላ አራገፍን። ባለቤቴ ዘይነባ አልጋ ስር ገብታ ሁሉ ፈለገች። በቃ፣ በቁስሉ ገብታ ወደ ልቤ እየሄደች ነው አልኩ። ዘይነባ ደግፋ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ፤ ከሰፈራችን ከመጋላ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ደረቴን ይዤ "ልጆቹን አደራ" እያልኩ ስናዘዝላት ሄድኩ።

"ሲስተር፣ ያቺ ፕላስቲክ የት ገባች?" አልኩ ገና ከበሩ።

"ፕላስቲክ አይደለችም አባባ፣ መድኃኒት ናት። ሟሙታ ቁስልዎ ውስጥ ገብታለች።"

"እኔስ ምን አልኩ! አውጪልኝ!"

ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተሯ ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ "የተሠራችው እኮ እንድትሟሟ ነው፤ ትናንት ስነግርዎት ‹አውቃለሁ፣ አውቃለሁ› አሉኝ" አለችኝ።

ዘይነባ ግን አልሳቀችም። "አቦ እህቴ፣ ከእንግዲህ ለእኔ ንገሪኝ። እሱ መነቅነቅ እንጂ መስማት አያውቅም።"

ቁስሉ እስኪድን ድረስ ሲስተሯ የምታስረዳው ለእሷ ሆነ። እኔ የሰው እግር ይዤ የመጣሁ ይመስል፣ እግሬን ዘርግቼ ዝም ነው።