እማማ ዓይኔ ሥራ የፈቱበት ምክንያት

ደግ ሰው የሚገኘው ሁልጊዜ በደግ ቀን አይደለም። እኔ እማማ ዓይኔን ያወቅኳቸው አንድ ዓይኔ በአቧራ ተሞልቶ፣ እንባዬ በጉንጬ እየወረደ፣ መሐል መንገድ ላይ እንደ ጠፋ ልጅ በቆምኩበት ሰዓት ነው።

የግቢዬ በር ማጠፊያ ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር። ነቅዬ በፌስታል ያዝኩና የእጅ ባለሙያዎች ወደሚሠሩበት ጠባብ መንገድ ወረድኩ። በአንዱ ወገን በርና መስኮት የሚበይዱ፣ በሌላው ወገን አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ፣ መጨረሻው ላይ ድንጋይ የሚጠርቡ አሉ። ነፋስ ሲነሣ የሦስቱም ብናኝ ተባብሮ አላፊ አግዳሚውን ይቀበላል። እኔንም ተቀበለኝ። ቀኝ ዓይኔ ሲያቃጥለኝ ቆሜ በመዳፌ አሸው ጀመር። መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ዓይናችሁን አትሹ ብዬ አስተምራለሁ። ሲደርስብኝ ግን እጄ ትምህርቱን አልጠበቀም።

አንድ ትከሻው ሰፊ ብረት ሠሪ አይቶኝ መጣ። ጥርት ያለ የሥራ መነጽር አለው፤ ግን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ግንባሩ ላይ ነው የሰቀለው። ማጠፊያውን ከእጄ ተቀብሎ ክንዴን ያዘና፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ እናቴ ጋ ይግቡ። ሳያውቁት ታወጣልዎታለች» አለኝ። ከሱቁ ጎን ያለችውን አንድ ክፍል ቤት አሳይቶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቤቷ በር ላይ፣ ብርሃኑ በደንብ በሚገባበት ቦታ፣ አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ አለች። ከበርጩማዋ ፊት ለፊት ነጭ መሐረብ የያዙ አሮጊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቦርሳዋን ከትከሻዋ ያላወረደች ወጣት ቆማለች። ቆይቼ እንደተረዳሁት ወጣቷ የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ እሳቸው አሳድገው፣ አስተምረው፣ አሁን በዓይን ክሊኒክ ነርስ ሆናለች።

ስለ አሮጊቷም ልንገራችሁ። ስማቸውን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሰውን ሁሉ «ዓይኔ» እያሉ ስለሚጠሩ መንገዱ ሁሉ እማማ ዓይኔ ይላቸዋል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ብረት ሠሪ ነበሩ። ያኔ ከባለቤታቸው ዓይን ጉድፍ ማውጣት የጀመረው የእማማ እጅ፣ ከጎረቤቱ፣ ከአናጢው፣ ከድንጋይ ጠራቢው ዓይን ማውጣቱን ቀጠለ። የመሐረቡን ጫፍ ይጠመዝዙና ሽፋሽፍቱን ገልበጥ አድርገው ጉድፏን ያነሷታል። ዋጋ አይጠይቁም። እጃቸው ደግሞ በዚያ ዕድሜ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም፤ ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

«ና ተቀመጥ፣ ዓይኔ» አሉኝና መሐረባቸውን ጠመዘዙ።

«አክስቴ፣ እባክሽ አትንኪያቸው» አለች ነርሷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ብረት ወይም ድንጋይ ስመታ እንደነበር ጠየቀችኝ። ስሄድ ነፋስ ያመጣው ነው አልኳት። እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ጭንቅላቴን ወደ ጎን አዘነበለች፣ ንጹሕ ውሃ በቀስታ እያፈሰሰች ዓይኔን ግልጥ ክድን እንዳደርግ አዘዘችኝ። ጥቂት ቆይቶ ማቃጠሉ ተወኝ። የሸሚዜ አንገትጌ ራሰ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰብኝም።

እማማ ዓይኔ እጅ እጇን ሲያዩ ቆይተው፣ «ውሃማ እኔም ቤት አለ» አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል።

ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። ግን ክርክሩ ሲጀመር ሰማሁና፣ እውነቱን ለመናገር፣ በርጩማዋ ላይ ተደላደልኩ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ሲከራከሩ መስማት ደስ ይለኛል፤ ማንም ማንንም ለመጉዳት አይናገርም።

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ በዚህ እጅ ስንት ዓይን በርቷል» አሉ እማማ። «ተማርሽ፣ ደስ አለኝ። ግን ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

«እጅሽን ማን ጠላው፣ አክስቴ? እኔን ያሳደገኝ እጅ ነው። እኔ የምለው፣ ላይ ላዩን ያለውን ጉድፍ ውሃ ያወጣዋል። ውሃ ያላወጣው ደግሞ የመሐረብ ሥራ አይደለም። ብሌኑን ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረው ይመረቅዛል።»

«እስቲ ማን መረቀዘበት? አንድ ሰው ጥሪልኝ። ሁሉም ተመልሶ ያመሰግነኛል እንጂ።»

ነርሷ ቦርሳዋን አወረደችና እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። «የዳኑት አንቺን ለማመስገን ይመለሳሉ፣ አክስቴ» አለች ቀስ ብላ። «ያልዳኑት እኔ ጋ ነው የሚመጡት። ስማቸውን እንድናገር ሥራዬ አይፈቅድልኝም። ግን ከዚህ መንገድ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ሁሉም፣ ለእማማ እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች ይሉኛል።»

አሮጊቷ መሐረቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት። ይህችን ልጅ ያደነቅኳት ያን ጊዜ ነው። እውነቱን ሳትቀንስ ተናገረች፤ ግን ቁጢጥ ብላ፣ ከታች ወደ ላይ እያየች ተናገረችው። ብዙ የተማርን ሰዎች እውነትን ከላይ ወደ ታች ነው የምንወረውረው።

እማማ ግን በቀላሉ የሚረቱ አይደሉም። እሷ ለባለሙያዎቹ የምትመክረው መነጽርም ቢሆን አይረባም አሉ። ያልበዋል፣ ይደበዝዛል፣ መስመሩ ያልታየው ሰው ጣቱን ይቆርጣል። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ መነጽር ሠርተው ሁለት ዓይናቸውን ይዘው ነው የተቀበሩት። ነርሷ ሳቅ አለችና መለሰች፤ የሚያልበው በጎኑ ቀዳዳ የሌለው ነው፣ የሚደበዝዘው ተቧጭሮ ያልተቀየረው ነው፣ የአክስቷን ባል ያዳናቸው ደግሞ ዕድል ነው፣ ዕድል አይወረስም። ከዚያ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና የለስላሳ ጠርሙስ ከመሬት አነሣች። ውስጡ በረኪና ነበር። የተጠማ ልጅ ቢከፍተው ዓይኑም አፉም እንደሚቃጠል፣ በራሱ ዕቃ ሆኖ ከፍ ያለ ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ነገረቻቸው። በዓይን ከገባ ሐኪም ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ወዲያው በብዙ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብ፣ ከዚያ መሄድ፤ የግንበኞቹም ኖራ እንደዚያው ነው። ውጭ የሚጫወቱት የሰፈር ልጆች ከጃንጥላ ሽቦ የሠሩትን ቀስት ሳይቀር አነሣችባቸው። እኔ በሆዴ፣ ይህች ልጅ የእኔን ክፍል ብትረከብልኝ እያልኩ ነበር።

«እሺ፣ ጠርሙሱን አነሣለሁ። ቀስቱንም እቀማለሁ» አሉ እማማ። «መሐረቤን ግን ተዪልኝ። ሰው ዓይኑን ይዞ ደጄ ሲመጣ እጄን አጣጥፌ ልየው?»

«አክስቴ፣ ወንድሜ ግንባሩ ላይ የሰቀለውን መነጽር የገዛሁለት እኔ ነኝ። ለምን ዓይኑ ላይ እንደማያወርደው ታውቂያለሽ?»

«ያልበዋል አልኩሽ።»

«ስላላበው አይደለም። አንቺ ጎረቤቱ ስለሆንሽ ነው። እሱም፣ አናጢውም፣ ድንጋይ ጠራቢዎቹም፣ ቢገባብኝ እማማ ዓይኔ አለች ይላሉ። እዚህ መንገድ ላይ መነጽር የማይደረገው ስላላበ አይደለም፣ አንቺ ስላለሽ ነው።»

እማማ ዓይኔ የተመቱ ያህል ቀና አሉ። ደግነታቸው ሰውን ያዘናጋል የሚላቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንዲህ ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ ነው የሚወስደው።

ከጎን ሱቅ ሲሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቆመ። ልጃቸው ቀኝ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ገባ። መነጽሩ አሁንም ግንባሩ ላይ ነው። የእኔን ማጠፊያ ነበር ሲፈታ የቆየው፤ የዛገውን ምስማር በመሮና በመዶሻ ሲመታ ስባሪ ተፈናጥሮ ገባበት። ከበርጩማዋ ተነሣሁለት። ተቀመጠና እንደ ልማዱ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለ።

«እማዬ፣ ቶሎ አውጪልኝ፤ ትንሽ ናት» አለ።

ዓይኑን ሲገልጥ እኔም አየሁ። በብሌኑ ጠርዝ ላይ የእርሳስ ጫፍ የማታህል ጥቁር ነጥብ አለች። እማማ መሐረቡን መቼ እንደጠመዘዙት አላየሁም፤ እጃቸው ከእሳቸው ቀድሞ ሄዷል። ነርሷ አልጮኸችም፤ «አክስቴ» ብቻ አለች።

ያ የማይንቀጠቀጥ እጅ ከልጃቸው ዓይን ፊት ደርሶ ቆመ።

«አልነካውም» አሉ እማማ።

«እማዬ?»

«አልነካውም፣ ዓይኔ። አንተም እንዳትነካው።»

መሐረቡን ወደ ወለሉ ጣሉትና ሁለት እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው። በዕድሜዬ ጀግና የሚባሉ ሰዎች አይቻለሁ። አንዲት እናት የልጇ ዓይን ፊቷ ሆኖ፣ የምታውቀውን አንድ ሥራ አልሠራም ስትል ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠ ድፍረት አላውቅም።

እኔም ቅድም ከተማርኩት ተነሥቼ የውሃውን ጆግ አቀረብኩ። ነርሷ መለሰችኝ፤ ተፈናጥሮ የተሰካ ብረት እንደ አቧራ በውሃ አይታጠብም፣ አይታሽም፣ አይጫንም፣ አይነቀልም። አንድ የወረቀት ኩባያ ቂጡን ቆርጣ፣ ዓይኑን ሳይነካ ዙሪያው አጥንቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ በፕላስተር ለጠፈችው። ታክሲ ጠራሁ። እማማ ከጎኑ ተቀምጠው እንዳያሸው ሁለት እጆቹን አጥብቀው ያዙለት። እስክንደርስ ድረስ አለቀቁትም።

ክሊኒኩ ውስጥ የጠበቅነው ጊዜ ረጅም ነበር። ሐኪሙ ሲወጣ ስባሪው መውጣቱን፣ ብሌኑን አልፎ ለመግባት ጥቂት ቀርቶት እንደነበር፣ ማየቱ እንደሚተርፍ ነገረን። ቀጥሎም፣ «በመሐረብም በጣትም ያልተነካ መሆኑ ነው የጠቀመው። ቢገፋ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የማወራችሁ» አለ። እማማ እጆቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው። ከዚያ የእህታቸውን ልጅ አንገት አቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለዚህኛው እንባ አቧራ አላሳበብኩም።

ማጠፊያዬን ለመውሰድ ወደዚያ መንገድ የተመለስኩት ብረት ሠሪው ድኖ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር። ሲያልበው ዞር ብሎ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ይወለውለዋል፣ መልሶ ያጠልቀዋል። አናጢውም አጥልቋል። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ሳይቀሩ ፊት የሚሸፍን ነገር አድርገዋል። እማማ ዓይኔ ደጅ ላይ ምስማር ተመትቶ ትርፍ መነጽሮች ተሰቅለዋል፤ እሳቸው ጧት ጧት በሳሙና ያጥቧቸዋል፣ የተቧጨረውን ለይተው መቀየሪያ አዋጡ ብለው ባለሙያዎቹን ይጨቀጭቃሉ። ዓይኑን ይዞ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ፣ «መነጽርህ የት ነበር?» ይሉታል። ላይ ላዩን የሆነውን በውሃ ያጥባሉ፤ በውሃ ያልወጣውን፣ የሚያመውን፣ ማየት የከለከለውን ራሳቸው አጅበው ክሊኒክ ይወስዳሉ። የልጆቹም ቀስት አሁን የወረቀት ነው። በረኪናው መደርደሪያ ላይ ወጥቷል፤ ቤታቸው ዘይት ሲግል ድስቱ እንኳ ይከደናል።

በዚያች በርጩማ ላይ ማንም አልተቀመጠም። «አየህ፣ ሥራ ፈታሁ እኮ፣ ዓይኔ» አሉኝ እጆቻቸውን ዘርግተው። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ትንሽም ከፍቷቸው ነበር፤ ሁለቱንም አልደበቁኝም። «ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኔ ሲቃጠል ነበር ስሮጥ የኖርኩት። እጄ ሥራ ይፍታ። ልጄ በሁለት ዓይኑ ያየኛል።»

ማጠፊያውን ተቀብዬ ልሄድ ስል ጠሩኝና በሩን ስገጥም ምን እንደማጠልቅ ጠየቁኝ። ከምስማሩ አንድ መነጽር አውርደው ሰጡኝ፤ እንድመልሰውም አስማሉኝ።

በማግስቱ መነጽሩን አጥልቄ በሬን ስገጥም ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ሳቀብኝ።

«ምነው መምህር፣ ለአንድ ማጠፊያ ይህ ሁሉ?»

«በዚህ ማጠፊያ የአንድ ሰው ዓይን ሊጠፋ ነበር» አልኩት። ሳቁን አቆመ። መዶሻውን አስቀመጥኩና ግባ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።