ለቢምቢ የገዛሁት ቅባት

ስሙኝማ፣ ኖፓ ያሉት አጎቴ ጋሽ በቀለ ዘንድ ልሄድ ስነሳ ቢምቢ ፈርቼ መቱ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። «ከቢምቢ ቅባቶቹ ሁሉ የሚበረታውን ስጪኝ» አልኳት ሻጯን። እየከፈተች አስሸተተችኝ፤ አፍንጫዬን ያስያዘኝን መረጥኩ። ከሚኒባስ ሳልወርድ አንገቴንም ክንዴንም ለቀለቅሁት። እውነት ለመናገር አንዲት ቢምቢ ዝር አላለችብኝም። ግን ጋሽ በቀለ ንብ አርቢ መሆናቸውን ረስቼዋለሁ! ገና ጓሯቸው ስደርስ ንቡ ከቀፎው ግር ብሎ ወጣብኝ።

«ኮቱ፣ ና ግባ! ንብ ኃይለኛ ሽታ እንደማትወድ አታውቅም?» ብለው ጎትተው አስገቡኝ። ጆሮዬ ተነድፎ አብጧል። በሳሙና ታጠብኩ፣ ሽታው አልለቅ አለ። በመጨረሻ በረንዳው ላይ አጎበር ሰቀሉልኝና በጠራራ ፀሐይ እንደ ሙሽራ ውስጡ ተቀመጥኩ። ንቦቹ ከውጭ ይዞራሉ፣ እኔ ከውስጥ የእነሱኑ ማር እልሳለሁ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ስመለስ ቅባቱን ልጥለው ስል ጋሽ በቀለ ከእጄ ቀሙኝ።

«ተወው! ማር ፈላጊ ዘመዶች ሲበዙብኝ በር ላይ ጠብቄ እቀባቸዋለሁ።»