ጎሹን የለኩት ጋሽ አምባው

ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሽ አምባው ከደካ ተዛውረው ቦንጋ በመጡበት ቀን፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ሠራተኛ በሙሉ ጠረጴዛ ሥር ነበር። እውነቴን ነው! ሔርሜላ በመስኮት አየችና፣ "ኧረ አንድ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ በጠመንጃ መነጽር እያነጣጠረብን ነው!" ብላ ጮኸች። ጋሽ አምባው የያዙት ግን ያለ ጠመንጃ መነጽሩን ብቻ ነው። ሾፌራችን ሻፊ ይህን ለማጣራት አልቆመም፤ ጠረጴዛ ሥር የገባው በግንባሩ ነው። እሳቸው ቀስ ብለው ገቡና፣ "እንደምን ዋላችሁ? የዚህ መስኮት ቁመት ስንት ነው?" አሉ። ለካ ርቀቱን እየለኩ ኖሯል!

መነጽሩ ውስጥ የመስቀል መስመር፣ መስመሩ ላይ ደግሞ ጭረቶች አሉ። የአንድን ነገር ቁመት ካወቅክ፣ ስንት ጭረት እንደሚሸፍን ቆጥረህ ርቀቱን ታሰላለህ። ይህን ማንም ሳይጠይቃቸው ምሳ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አስተምረውናል። ስብሰባ ሲያረፍዱ ሔርሜላ ትደውላለች፤ "ጋሽ አምባው፣ የት ደረሱ?" ሌላው ሰው ቤቱ ተኝቶ "በር ላይ ነኝ" ይላል። እሳቸው ግን "ሁለት መቶ ሜትር ይቀረኛል" ይላሉ። እትዬ በዛወርቅ፣ ባለቤትዎ እርስዎንስ በስንት ጭረት ነው ያገኙዎት?

አሁን ግን ቀልዱን ትንሽ ላቁምና ስለ ጎሹ ልናገር።

ማንኪራ ጫካ አካባቢ የሽቦ ወጥመድ እግሩን የያዘው ጎሽ ነበር። ሕመሙ አሳብዶት የንብ አናቢውን የኢሳያስን ወንድም ጥሎ እግሩን ሰበረው። ኢሳያስም ጠመንጃውን ይዞ አብሮን ወጣ። "እናንተ ካቃታችሁ እኔ እገላግለዋለሁ" አለ። ማን ይፈርድበታል?

የእኛ ጠመንጃ የሚተኩሰው ማደንዘዣ መርፌ ነው፤ ርቀቱ በትክክል ካልታወቀ መርፌው ወይ ሳይደርስ ይወድቃል፣ ወይ አልፎት ይሄዳል። ጎሹን ረጅም ሣር ውስጥ ቆሞ አገኘነው። ሻፊ በመነጽሩ አየና፣ "ሰባ አምስት ሜትር! አይደርስም፣ እንቅረብ" አለ። እኔ የእንስሳት ሐኪሟ ልነሳ፣ ኢሳያስም ጠመንጃውን ሊያቀባብል ስንል፣ ጋሽ አምባው ጃኬቴን ጨምድደው ያዙኝ።

"ወንጌላዊት፣ ተቀመጪ!"

"ሩቅ ነው እኮ ጋሼ!"

"እግሩ የታል? ሣሩ ደብቆታል። ሻፊ የቆጠረው ከጀርባው እስከ ደረቱ ያለውን ነው፤ ያሰላው ግን በሙሉ ቁመቱ ነው። አርባ ሜትር ላይ ነው ያለው። ብትጠጊው ይመጣብሻል።"

ወደ ኢሳያስ ዞሩ። "ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ልሞክር። ከሳትኩ ያንተ ነው።"

 ኢሳያስ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ።

ጋሽ አምባው የማደንዘዣ ጠመንጃችንን አንስተው መርፌውን የሚገፋውን የጋዝ ግፊት ለአርባ ሜትር አስተካከሉ። መስቀሉን የጎሹ ትከሻ ላይ አሳረፉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ተኮሱ። መርፌው ሄዶ እዚያው ትከሻው ላይ ተሰካ! ጎሹ ፈርጥጦ ትንሽ ከሄደ በኋላ ተንገዳግዶ ተኛ። ሽቦውን ስቆርጥ ቀንዱን የያዘልኝ ማን ይመስላችኋል? ኢሳያስ ነው።

ጎሹ ነቅቶ እያነከሰ ጫካ ሲገባ፣ ጋሽ አምባው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የውኃ ጠርሙሳቸውን አወጡ። ሻፊ ከፈተላቸውና፣ "ጋሼ፣ ላስፈጃችሁ ነበር" አለ። "አይዞህ" አሉት፣ "ስሌትህ ልክ ነበር። ሣር ውስጥ እግሩን የደበቀው ጎሹ ነው።"

ጋሼ፣ ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ልጆቼን ያቀፍኩት እርስዎ ስለያዙኝ ነው። ይህን እስከ ዛሬ በቅጡ አልነገርኩዎትም። አመሰግናለሁ።

በሉ እንነሳ! ጠጅ የያዝክም፣ ለስላሳ የያዝክም ብርጭቆህን ከፍ አድርግ። ጋሽ አምባው፣ ደካ ላይ የጀመሩት ቤት በሰላም ይለቅ፤ ጓሮው ይለምልም፤ ከእትዬ በዛወርቅ ጋር የልጅ ልጆቻችሁን ስማችሁ አትጥገቡ። ጤናውን አብዝቶ ይስጥልን። ለጋሽ አምባው!