ያልጠፋው ሻማ

ጉድጓድ ቆፋሪው ልጁን ፓምፕ አከራዩ ሱቅ ደጃፍ ላይ አገኛታለሁ ብሎ አላሰበም። ከእህቱ ባል ጋር የተከራዩትን የቤንዚን ፓምፕ በጋሪ ጭነው ከሱቁ ሲወጡ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጁ ፈተና ጨርሳ ደብተሯን በብብቷ እንደያዘች ከፊታቸው ድቅን አለች።

«እንዴ አባባ! ፓምፑ ለምንድነው?»

«ለልብስ ሰፊዋ ጉድጓድ ነዋ። ውሃ ቀደመንና መቆፈር አቃተን።»

«ስንት ሜትር ደረሳችሁ?»

«አሥራ አራት።»

ልጅቷ የፓምፑን የውሃ መሳቢያ ጎማ አየት አደረገችና፣ «ይሄ እኮ ከላይ ሆኖ ከሰባት ሜትር በታች ያለ ውሃ መሳብ አይችልም» አለች።

አባትየው ደነገጠ። እሱ ይህን ያወቀው ሁለት ሞተር ካቃጠለ በኋላ ነው። «እሱንማ መች አጣሁት? ጉድጓዱ መሐል ላይ ሳንቃ እናጋድምና ሞተሩን እዚያ እናስቀምጠዋለን» አላት።

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ? ጭሱስ?»

«ጭስ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ የኔ ልጅ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ ቁልቁል የሚወርድ ጭስ አላየሁም።» የእህቱ ባል ከት ብሎ ሳቀ።

«የሚታየው ይውጣ እሺ። የሚገድለው ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትምም። እንደዚያ ባለ ጠባብ ቦታ መውጫ ያጣና እዚያው ይጠራቀማል።»

«ለዚያማ ሻማ አለኝ። አብርቼ በገመድ አወርደዋለሁ፤ ከጠፋ አየር የለም፣ ካልጠፋ አለ። አባቴ እንዲህ ሲያደርግ ኖረ፣ እኔም እንዲሁ። ይኸው አለን።»

«ሻማ የሚጠፋው አየር ሲያንሰው ነው አባባ። ይሄ ጋዝ ግን ሻማ አያጠፋም፤ የሚይዘው የሰውን ደም ነው። ሻማው ቦግ ብሎ እየበራ ሰው አጠገቡ ይሞታል።»

እዚህ ላይ ስለዚህ አባት እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ታላቋ ልጁ የሥራ ውሉን አንብባ ሊታለልበት የነበረውን አንቀጽ ስታሳየው፣ ታናሿ፣ ይህችው ተማሪ፣ ባለሙያ ያቃተውን የቤቱን መብራት ስትጠግን፣ በየሱቁ እየዞረ ጉራውን የነዛ አባት ነው። እሱ የማያውቀውን ሁሉ ቢያውቁ አንጀቱ ይርሳል። የጉድጓድ ሙያ ግን የእሱ ነው፤ ሰዉ «ፍልፈል» ብሎ የጠራው በዚሁ ነው። ዛሬ እዚያም ገቡበትና ደሙ ፈላ።

«ለመሆኑ አንቺ ስንት ጉድጓድ ወርደሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድም።»

«በቃ!»

ልብ በሉ፤ ስንቴ እንደወረደች ጠየቃት እንጂ፣ ያለችው እውነት ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም። ስንቱ አባት በየቤቱ እንዲህ ነው የሚከራከረው።

ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞረች። «ጋሼ፣ በሞቴ! እምቢ ካላችሁ እንኳ ገመድ ወገብዎ ላይ ይሰሩ።»

በእነሱ ሙያ ታስሮ የሚወርድ ጀማሪ ነው፤ መሳቂያ ይሆናል። ሰውዬው ግን ልጅቷን ይወዳታል። «እሺ እመቤት፣ ላንቺ ስል እንደ ጥጃ እታሰራለሁ» አላት። እሷም ልቧ አላርፍ ብሏት ተከተለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ በልብስ ሰፊዋ ግቢ ሞተሩ ጉድጓዱ መሐል ሆኖ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያጓራ ቆየ። ውሃው አለቀ፤ ማጥፊያው ላይ ያሰሩትን ሲባጎ ከላይ ስበው አጠፉት። ፍልፈል ሻማውን ለኩሶ አወረደ። ሻማው ታች ደርሶ ጭል ጭል እንኳ ሳይል ቀጥ ብሎ በራ። አባትየው ቀና ብሎ ልጁን፣ «አየሽ?» አላት። የእህቱ ባል ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ።

አካፋው ጥቂት ጊዜ ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ።

«አንተ! ምነው?»

መልስ የለም። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሻማው እየበራ ነው፤ ሰውዬው አጠገቡ በፊቱ ተደፍቷል። ፍልፈል ጫማውን አሽቀንጥሮ መሰላሉን ሊይዝ ሲል ልጁ ከኋላ ወገቡን አነቀችው።

«ከወረዱ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው! ገመዱን ይሳቡ!»

በዕድሜዋ ጮኻበት አታውቅም። ሳበ። ልብስ ሰፊዋም መርፌዋን ጥላ መጥታ ሳበች። አውጥተው ሲያስተኙት ልጅቷ ደረቱን እየተጫነች እስትንፋሷን ሰጠችው፤ አባትየው እጁን የት እንደሚያደርግ እንኳ አላወቀም። አምቡላንስ የጠራችውም እሷ ናት።

ሆስፒታል ደርሰው ብዙ ከጠበቁ በኋላ ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ፣ «ነፍሱ ተርፋለች። አእምሮው ግን ተጎድቷል፤ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም» አለና ሄደ። አባትና ልጅ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

«አክስትሽ እየመጣች ነው» አለ ፍልፈል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማንም ሊያውቀው የማይችል አደጋ ነው እንላታለን። እሺ የኔ ልጅ?»

«አባባ፣ እርስዎን ማዋረድ አልፈልግም። ግን እንደዚያ ካልን ነገ ሌላው ቆፋሪ ሻማውን ያወርዳል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሥራዬን ልተው?»

«አይተዉ። ከእርስዎ በላይ አፈር የሚያውቅ የለም፤ የትኛው ግድግዳ እንደሚናድ እኔ በምን አውቃለሁ? ሞተር ግን ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ይከራዩ፤ ጭስ የለውም። ጋዝ መለኪያ አለ፤ ሰው ሳይወርድ እሱ ይውረድ፤ ሰው ታች እስካለም በማራገቢያ ንጹሕ አየር ይግባ። ገመድ ያልታሰረ አይውረድ። ይኸው ነው።»

ይኸው ነው! ሃያ ስድስት ዓመት የሠራበት ሙያ በአንዲት ተማሪ አፍ ሲታረም አባትየው ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣለት አለ። ዛሬ ሁለት ሰው ያተረፈችው እሷ ናት፤ አንደኛው ራሱ ነው። «አላውቅም» ብሎ ማመን እንዲህ የሚከብድ ነገር መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። አፈረ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እህቱ እያለከለከች ደረሰች። መጀመሪያ ወደ ባሏ ገባች። ወጥታ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«አላወቀኝም። ማን ነሽ አለኝ። ምንድነው የሆነው? ማን ነው ያወረደው?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ፍልፈል ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ። ልጄ አታውርደው ብላ ለምናኝ ነበር። እሷ ታውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። አልሰማኋትም።»

«ብትሰማትስ ኖሮ?»

ፍልፈል ሰውዬው ወደተኛበት ክፍል በር ዞረ።

«ብሰማትማ ኖሮ ባልሽ አሁን አፈሩን ታጥቦ ቤቱ ይገባ ነበር። አንቺን በስምሽ ይጠራሽ ነበር።»