የዳማዬ ሕመም

ጎረቤታችንን አያ ዓለሙን፣ ዳማ ፈረሳቸው ከጣላቸው ወዲህ ወገባቸው እንቅልፍ ነሥቷቸው ኖረ። በኋላ ልጃቸው ሕንድ አገር ወስዳ፣ ነርቭን በኤሌክትሪክ እየነዘረች ሕመም የምታስታግስ መሣሪያ ከቆዳቸው ሥር አስቀበረችላቸው። ሪሞቷ ከኪሳቸው አትለይም ነበር።

አንድ ዓመት በፈረሰኞች በዓል ቆሰበር ከተማ ላይ ጉግስ ልናይ አብረን ቆመናል። ፈረሶቹ ሊወጡ ሲሉ አያ ሪሞቷን አውጥተው ተጫኑ። ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው ተኮማተረ፤ ትከሻዬን ጨምድደው ያዙ።

«አጠፏት እንዴ? ያምዎታል እኮ!» አልኳቸው ደንግጬ።

«ይመመኛ! ዳማዬ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ከሱ የቀረኝ ይኸው ሕመም ነው፤ በበዓሉ ቀን እንኳ አብሮኝ ይዋል።»

ሪሞቷን ልቀማቸው የሰደድኩት እጄ እዚያው ቀረ። ዛሬ አያ የሉም። ጉግስ ለማየት በወጣሁ ቁጥር ግን ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ እቆማለሁ።