ከነጩ ሽፋን በታች

ባለፈው ሐምሌ ከጭሮ ወደ ገለምሶ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ከጎኔ የነበሩ ሁለት ሴቶች ክርክር ገጠሙ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሳይንስ መምህር ነኝና ጆሮዬ እንዲህ ላለ ነገር ይቸኩላል።

አንደኛዋ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘመናይ ናቸው። የሕፃን ምላስ ነጭ ሲለብስ፣ ጣታቸው ላይ ሻካራ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጨው አስነክተው፣ ነጩ እስኪለቅ ያሻሉ። «እጃቸው ያድናል» ይባልላቸዋል። ያን ቀን ልጃቸው አይናዲስ ከገለምሶ ደውላ፣ ሕፃን ልጇ አፉ ነጭ ለብሶ ጡት እምቢ አለ ስላለቻቸው ጨርቁንና ጨውን ይዘው ተነሥተዋል። ሌላዋ ቀነኒ የምትባል የነርስነት ተማሪ ናት፤ ለክረምት ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች።

«አዮ፣ አይቆጡኝና፣ ባያሹት ይሻላል» አለች ቀነኒ፣ በአገሬው አጠራር «እናቴ» ለማለት።

«ታዲያ ምን ላድርገው? የወተት ዝቃጭ ነው። እድፍ ደግሞ ሲያሹት ይለቃል።»

«እድፍ አይደለም፣ ፈንገስ ነው። ከሊጥ እርሾ ጋር የሚዛመድ፣ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር።»

«ወይ ጉድ! አሁን ደግሞ እርሾ የሰው አፍ ውስጥ ያቦካል በዪኝ!» ብለው ሳቁ። ሾፌሩም ሳቀ።

ቀነኒ አልተቀየመችም። «በብዙዎቻችን አፍ ውስጥ አለ፤ ጤነኛ ስንሆን ዝም ብሎ ይኖራል። የሕፃን አቅም ግን ገና ነው። በዚያ ላይ ለሳል ብለን አንቲባዮቲክ ስንሰጠው፣ እርሾውን ገትረው የያዙት ደጋግ ተህዋስያን ያልቁና ቦታው ይለቀቅለታል።»

«አይናዲስ ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ገዝታ ሰጥታዋለች» አሉ፣ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ።

«ይኸዋ! እርሾው ገላው ላይ የሚያጣብቅ ነገር አለው፤ ጭጎጎት ልብስን እንደሚይዝ የአፍን ሥጋ ይይዛል። ከያዘ በኋላ ክር ያወጣል፤ ክሩ ሥጋውን ሰርስሮ ይገባል፣ የሚጎዳ መርዝም ያመነጫል። አዮ፣ የጫት ማሳ አለዎት አይደል? ሰርዶን ከላይ ቢያጭዱት ይጠፋል?»

«ሰርዶማ ሥሩ ካልወጣ መች ይጠፋል!» አሉ።

«ጨርቁም የሚያነሣው ከላይ ያለውን ነው። ሥሩ ይቀራል፤ አፉ ይቆስላል፤ ቁስሉ ለበሽታው በር ይከፍታል። አፉ የቆሰለ ሕፃን ደግሞ አይጠባም።»

ወይዘሮ ዘመናይ ጨው የቋጠሩበትን ጨርቅ ጭብጥ አደረጉ። «የሚካልም ልጅ አልጠባ ብሎ ነው የሞተው» አሉ። ሚካል ታላቋ ልጃቸው ናት። «ደም እስኪወጣው አሸሁት። እምቢ ሲል፣ ገና አልለቀቀም ብዬ ደገምኩት። እግዜር ወሰደው አልን።»

ቀነኒ ደነገጠች። «አዮ፣ እሱ በምን እንደሞተ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

«እኔስ መቼ አወቅሁ» አሉ።

ያላወቁ አለቁ ይባላል፤ እዚህ ግን ያለቀው ያላወቀው አይደለም፣ ሕፃኑ ነው። ፍቅር እንጂ ክፋት ያልነበረበት እጅ እንዲህ ሲሆን ማንን መቆጣት ይቻላል?

ወይዘሮ ዘመናይ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «አይናዲስ፣ የእኔን እጅ አትጠብቂ። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው!» ቀነኒ ከጎን ቃል እያቀበለቻቸው ቀጠሉ፦ «የአፍ ጠብታ ይሰጡታል። የጡትሽንም ጫፍ አሳዪያቸው፣ አለዚያ ተመልሶ ይይዘዋል። ነጩ ጠፋ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ያለ ሐኪም ትእዛዝም ሽሮፕ እንዳትገዢ።»

ሕፃኑ በሳምንቱ ደህና መጥባት ጀመረ። ያ ሁሉ ጩኸትና ቁስል በጥቂት ጠብታ ቀረ። ዛሬ በሰፈራችን አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ደጃቸው ስትመጣ፣ ወይዘሮ ዘመናይ ነጠላቸውን ደርበው ጤና ጣቢያ ያደርሷታል።

ሚካል ቤት ግን እስከ መስቀል ድረስ አልሄዱም። ትጮህብኛለች ብለው ፈርተው ነበር። በመጨረሻ ሄደው ሁሉንም ነገሯት። ምን አለችዎት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«‹እማዬ፣ ስታሺው እንዳይወራጭ ብዬ እጁን የያዝኩልሽ እኔ አይደለሁም?› አለችኝ።»